ምግብን የመተው በሽታ፦ የመንስኤው ክርክር ከ1689 ወዲህ

አኖሬክሲያ ኔርቮሳን የፋሽን መጽሔትና የቴሌቪዥን ዘመን የወለደው ሕመም አድርገው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ የሕክምናው መዝገብ ግን ይህን አይደግፍም። የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ ሞርተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1689 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ታሪክ አስፍሯል። የወር አበባዋ ቀረ፣ የምግብ ፍላጎቷ ጠፋ፣ ሳያተኩሳት ሰውነቷ እየቀዘቀዘ አጥንትና ቆዳ ብቻ ቀረች፤ እንዲያም ሆና ሌሊት መጽሐፍ ላይ ማቀርቀሯን አልተወችም። መድኃኒቱ ታከታትና ተወችው፤ ከሦስት ወር በኋላም ራሷን ስታ ሞተች። ሞርተን ነገሩን በሐሳብና በጭንቀት ቢያመካኝም ጉዳቱ የሚደርሰው በነርቭ በኩል ነው ይላል፤ ኋላ ጎራ የለየው የአካልና የአካባቢ ሙግት በእርሱ ዘንድ ገና አልተከፈለም።

በ1873 ቻርል ላሴግ በፓሪስ፣ ዊልያም ጋል በለንደን ስለዚሁ ሕመም ጻፉ። ጋል በ1868 በኦክስፎርድ ንግግሩ ጠቅሶታል በማለት ቀዳሚነቱን ለእርሱ የሚሰጡ አሉ፤ በንግግሩ የምናገኘው ግን አጭር ጥቆማ ስለሆነ፣ የተሟላውን መግለጫ ያስቀደመው ላሴግ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ላሴግ ትኩረቱን በማዕዱ ዙሪያ በሚለማመጡና በሚያስፈራሩ ወላጆች ላይ አደረገ። ጋልም ዘመድ ለአስታማሚነት አይበጅም ይላል፤ ነገር ግን በ1866 የመረመራት፣ 37 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የ17 ዓመት ልጅ፣ ያን ያህል ከስታ እንኳ ዕረፍት እንዳልነበራት በመገረም መዝግቧል። ይህችን አጭር ማስታወሻ እኛ ከብዙ ንድፈ ሐሳብ አስበልጠን እንመዝናታለን።

በ1914 የሃምቡርጉ ሞሪስ ሲሞንድስ የፒቱታሪ ዕጢ መጥፋት ሰውን እንደሚያመነምን ካሳየ በኋላ፣ ለዓመታት ብዙ የአኖሬክሲያ ታማሚዎች የዕጢ ሕመምተኞች ተብለው ታከሙ።

ከሁሉ የከበደው ማስረጃ የመጣው ስለ በሽታው ካልተደረገ ጥናት ነው። አንሰል ኪስ በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ መሣሪያ ማንሳትን ኅሊናችን አይፈቅድም ያሉ 36 ጤነኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንታት በጎደለ ቀለብ አቆያቸው፤ ዓላማው በጦርነት የተራቡ ሰዎች የሚያገግሙበትን መንገድ መፈለግ ነበር። የክብደታቸውን ሩብ ያህል ያጡት እነዚያ ወንዶች የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ፣ ጥቂቷን ምግብ እያዘገዩ ይበሉ፣ ከሰው ይሸሹ ጀመር፤ ቀለቡ ሲለቀቅላቸውም አንዳንዶቹ ያለ ልክ በሉ። እንግዲህ የባሕርይ ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ሲባል ከኖረው ምልክት ብዙው ረሃቡ ራሱ የሚያመጣው ነው። ሆኖም የሚኒሶታ ወንዶች ዝለው ይቀመጡ ነበር፤ የጋል ታማሚ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ይህን ተቃርኖ ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በ1967 የታተመ ሙከራ ፍንጭ ይሰጣል፦ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የሚመገቡ አይጦች መሮጫ መንኮራኩር ሲሰጣቸው ሩጫውን እየጨመሩ፣ ምግቡን እየቀነሱ ለሞት ይደርሳሉ። እገዳው የመጣው ከውጭ ነው፤ ያባባሰው ግን የራሳቸው አካል ነው።

የውርስ ድርሻ በ1984 በታተመ የመንትዮች ጥናት ጎልቶ ታየ፤ ከ16 ተመሳሳይ ሴት መንትዮች ጥንድ በ9ኙ ሁለቱም ሲታመሙ፣ ከ14 የማይመሳሰሉ ጥንዶች ይህ የታየው በአንዱ ብቻ ነው። በአንጻሩ በፊጂ ደሴቶች ናድሮጋ፣ ቴሌቪዥን በገባበት በ1995 እና ከሦስት ዓመት በኋላ አን ቤከር ባካሄዱት ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ የሚያስመልሱ ሴት ተማሪዎች ከዜሮ ወደ 11.3 በመቶ ከፍ አሉ። በሁለቱ ጊዜያት የተጠየቁት ግን ያው ልጆች አይደሉም፤ መጠይቁም ዝንባሌን እንጂ በሽታን አይለይም። በ2019 የታተመው የ16,992 ታማሚዎች የዘረመል ጥናት ደግሞ ከበሽታው ጋር የተያያዙ ስምንት ሥፍራዎችን ለይቶ፣ ዝምድናው ከአእምሮ ሕመሞች ጋር ብቻ ሳይሆን ሰውነት ስብና ስኳርን ከሚጠቀምበት ሥርዓት ጋርም መሆኑን አሳይቷል። የተመረመሩት ሁሉ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ስለሆኑ ግን፣ ስለ ናድሮጋ ልጃገረዶች ከዚህ ግኝት ተነስተን ልንፈርድ አንችልም።