መሣሪያውና ባለሙያው፦ የኮምፒዩተር ትርጉም ታሪክ ከ1954 እስከ 2023

የሰው ልጅ ታሪክ በአንድ በኩል የሥራ መሣሪያዎቹ ታሪክ ነው። መሣሪያ ድካምን ከማቃለሉ ሌላ ማን ሊሠራ እንደሚችል፣ ማን ደግሞ ተመልካች ሆኖ እንደሚቀር ይወስናል። ይህ እውነት ስለ እርሻና ስለ ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በቋንቋ ሥራ፣ በተለይም በኮምፒዩተር አማካይነት ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው በሚደረገው ትርጉም ረገድ ግን እምብዛም አልተወሳም። ኮምፒዩተር የሰውን ቋንቋ እንዲተረጉም አስቀድሞ ለእሱ በሚገባው ሰው ሠራሽ ቋንቋ፣ ማለትም በፕሮግራም ቋንቋ፣ ትእዛዝ ሊሰጠው ይገባል። የፕሮግራም ቋንቋው የትኛው ይሁን የሚለው ጥያቄ የጥቂት ቴክኒሻኖች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ያለፉት ሰባ ዓመታት ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን ምርጫው የቋንቋውን ባለቤት ሕዝብ በቀጥታ የሚነካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 7 ቀን 1954 በኒውዮርክ ከተማ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና የአይ. ቢ. ኤም. ኩባንያ በኅብረት ያዘጋጁት ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ። ከ60 የሚበልጡ የሩሲያኛ ዓረፍተ ነገሮች በአይ. ቢ. ኤም. 701 ኮምፒዩተር አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ። መዝገበ ቃላቱ 250 ቃላት፣ የሰዋስው ሕጎቹም 6 ብቻ ነበሩ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በመሆኑ፣ የአሜሪካ መንግሥት የሶቪየት ሳይንስ የደረሰበትን ደረጃ ለማወቅ ይጓጓ ነበርና ትርኢቱ ለዚህ ሥራ የገንዘብ ምንጭ ከፈተ። ይሁን እንጂ ከትርኢቱ በስተጀርባ አንድ መሠረታዊ ችግር ነበር። የቋንቋ ሊቁ የሚያውቀውን ሕግ በወረቀት ላይ ይጽፋል፤ የኮምፒዩተር ባለሙያው ደግሞ ያንኑ ሕግ ወደ ማሽኑ የቁጥር ትእዛዝ ይለውጠዋል። የቋንቋ ሊቁ የራሱ ሕግ በማሽኑ ውስጥ ምን መልክ እንደያዘ አያይም፤ የኮምፒዩተር ባለሙያውም ሕጉ ለምን እንደተጻፈ አያውቅም። ስሕተት በተገኘ ጊዜ ማን እንደሚያርመው ግልጽ አልነበረም። የሥራ ክፍፍሉ ዕውቀቱን ከሁለት ከፍሎት ነበር።

ይህን ችግር በግልጽ ከተገነዘቡት ሰዎች አንዱ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ቪክተር ኢንግቪ ነው። ኢንግቪ በትምህርቱ የፊዚክስ ሰው ሲሆን በኋላ ወደ ቋንቋ ጥናት የተሳበ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ያለ አስተርጓሚ ራሳቸው ኮምፒዩተሩን ማዘዝ እንዲችሉ በማሰብ፣ ከ1957 ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር «ኮሚት» የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጀ። ኮሚት የቁጥር ስሌት መሥሪያ አልነበረም፤ ቃላትንና የቃላትን ቅደም ተከተል እየፈለገ የሚያገኝ፣ የሚያፈራርቅና የሚተካ ነበር። የአጻጻፉ ሥርዓትም የቋንቋ ሊቃውንት የሰዋስው ሕግ ከሚጽፉበት ልማድ የተቀራረበ ነበር። በ1962 በቤል የምርምር ጣቢያ መዘጋጀት የጀመረው «ስኖቦል» የተባለው ቋንቋ ከኮሚት ብዙ ተምሯል። ነገር ግን መሣሪያው ብቻውን ሥራውን አልፈጸመውም። ኢንግቪ ራሱ በ1964 ትርጉሙ ከፍቺ ግድግዳ ጋር እንደተጋጨ ጻፈ። በ1966 ደግሞ አልፓክ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የአሜሪካ ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት ተስፋውን አቀዘቀዘው፤ ለምርምሩ ይሰጥ የነበረውም ገንዘብ በብዙ ተቀነሰ።

እሳቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ካናዳ በ1969 ባወጣችው ሕግ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በመንግሥት ሥራ እኩል እንዲሆኑ ስለደነገገች የትርጉም ሥራ እጅግ በዛ። በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የትርጉም ምርምር ቡድን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው አላን ኮልሜሮ የሰዋስው ሕጎችን ለመጻፍ የሚያገለግል «ኪው ሲስተም» የተባለ ዘዴ አዘጋጀ። በዚህ ዘዴ የተሠራው «ሜቴዮ» የተባለው ፕሮግራም ከ1977 ጀምሮ የአየር ጠባይ ማስታወቂያዎችን ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ በየዕለቱ ይተረጉም ጀመር፤ ሥርዓቱ በየጊዜው እየተሻሻለ እስከ 2001 አገልግሏል። የአየር ጠባይ ማስታወቂያ ቃላቱ ጥቂት፣ ዓረፍተ ነገሩም የተወሰነ በመሆኑ፣ በሰፊው ቋንቋ ያልተቻለው በጠባቡ ተቻለ። ኮልሜሮም ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1972 በማርሴይ ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር «ፕሮሎግ» የተባለውን የታወቀ የፕሮግራም ቋንቋ አፈለቀ። ከዚህ እንደሚታየው የትርጉም ሥራ በተገኘው መሣሪያ ከመጠቀም አልፎ አዳዲስ መሣሪያዎችንም ወልዷል።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የተከተሉም ነበሩ። በ1968 በፒተር ቶማ የተመሠረተው «ሲስትራን» ለብዙ ዓመታት በአሴምብለር፣ ማለትም ለአንድ ዓይነት ማሽን ብቻ በሚያገለግል ዝቅተኛ ቋንቋ፣ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም የአውሮፓ ኮሚሽን ተገልግለውበታል። ሲስትራን የኩባንያ ንብረት ነበር። ተጠቃሚው ውጤቱን ያያል፤ ውስጡን ግን አይከፍትም። ኩባንያው የማይፈልገው ቋንቋ፣ ገበያ የሌለው ቋንቋ፣ ወረፋ እንኳ አልነበረውም።

ይህን ግንብ ለማፍረስ የተነሣው ነፃ ሶፍትዌር የተባለው እንቅስቃሴ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ያስታወቀው የ«ግኑ» ፕሮጀክትና በ1989 የወጣው የአጠቃቀም ፈቃዱ አንድ ቀላል መርሕ አጸና፦ ማንም ሰው ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ ማንበብ፣ ማሻሻልና ለሌላው ማካፈል ይችላል። ይህ መርሕ በትርጉም መስክ ምን ፍሬ እንዳፈራ ለመመልከት በስፔን የሚገኘው የአሊካንቴ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከ1939 እስከ 1975 በዘለቀው የፍራንኮ አገዛዝ ካታላንኛ ከመንግሥት ሥራና ከትምህርት ቤት ተገፍቶ ነበር። አገዛዙ ካከተመ በኋላ ቋንቋው ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ጋዜጣ ሲመለስ በአጭር ጊዜ ብዙ ጽሑፍ መተርጎም ግድ ሆነ። የአሊካንቴ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ «ኢንተርኖስትሩም» የተባለ የስፔንኛና የካታላንኛ መተርጎሚያ ሠሩ፤ ይህ ግን ምንጩ ክፍት አልነበረም። ቀጥሎ በስፔን መንግሥት ድጋፍ ሥራው እንደ አዲስ ተጽፎ፣ በ2005 «አፔርቲየም» በሚል ስም በነፃ ፈቃድ ለሕዝብ ወጣ። መጀመሪያ ያገለገለውም ስፔንኛን ከካታላንኛና ከጋሊሲያኛ ጋር ነበር።

የአፔርቲየም ሠሪዎች የፕሮግራም ቋንቋ ሲመርጡ ጥያቄውን ለሁለት ከፈሉት። ሞተሩን፣ ማለትም ቃላትን የሚተነትነውንና ትርጉሙን የሚያቀነባብረውን ክፍል፣ «ሲ ፕላስ ፕላስ» በተባለው ፈጣን ቋንቋ ጻፉት። በመሆኑም በተራ ኮምፒዩተር ላይ በአንድ ሴኮንድ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት መተርጎም ተቻለ። መዝገበ ቃላቱንና የሰዋስው ሕጉን ግን ከሞተሩ ፈጽሞ ለዩት፤ «ኤክስ ኤም ኤል» በተባለ፣ ሰው ሊያነበው በሚችል የምልክት አጻጻፍ አስቀመጡት። ስለዚህ በስፔንኛ «ጋቶ» የሚባለው ድመት በካታላንኛ «ጋት» መሆኑን፣ ብዙ ቁጥሩም በአንዱ «ጋቶስ» በሌላው «ጋትስ» እንደሚሆን ለመመዝገብ የሚፈልግ አስተማሪ ሲ ፕላስ ፕላስ መማር አያስፈልገውም። የአጻጻፉን ሥርዓት አጥንቶ የሚያውቀውን ይጨምራል፤ ስሕተት ቢያይም ራሱ ያርማል። በተጨማሪም ከአንዱ የሥራ ደረጃ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ነገር ተራ ጽሑፍ በመሆኑ፣ ስሕተቱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተፈጠረ ማየት ይቻላል።

ኢንግቪ በ1957 የተመኘው ነገር በዚህ መልክ በከፊል ተፈጸመ። ከኪሳራ ነፃ ግን አልነበረም። ኤክስ ኤም ኤል ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ለአንድ ቃል ብዙ ምልክት ይጠይቃል። ሞተሩን ማሻሻል የሚችሉትም ሲ ፕላስ ፕላስ የሚያውቁ ጥቂቶች ሆነው ቀሩ። ይሁንና ውጤቱ በተግባር ታይቷል። ገበያ ያልነበራቸው እንደ ኦክሲታንኛና ብሬቶንኛ ያሉ ቋንቋዎች መተርጎሚያ አገኙ። ውክፔዲያም በ2015 ለጸሐፊዎቹ የትርጉም መርጃ ሲዘረጋ በመጀመሪያ የተገለገለው በአፔርቲየም ነበር።

በዚያው ጊዜ ሌላ ዘዴ እየጎለመሰ ነበር። ይኸውም ሕግ በመጻፍ ፈንታ፣ ቀደም ሲል በሰው ከተተረጎሙ ሚሊዮን ዓረፍተ ነገሮች በስታትስቲክስ ስሌት መማር ነው። «ፋራዎ» የተባለው የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ምንጩ ሳይገለጥ በመሰራጨቱ ተመራማሪዎች ሊያሻሽሉት አልቻሉም። እሱን የተካውና በ2007 በይፋ የቀረበው «ሞሰስ» ግን በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ መሪነት፣ በብዙ ተቋማት ትብብር፣ ምንጩ ክፍት ሆኖ ተሠራ። ዋናው ክፍል በሲ ፕላስ ፕላስ፣ የዝግጅቱ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው «ፐርል» በተባለው ቋንቋ ተጻፈ። ሞሰስ ለዓመታት የመስኩ የጋራ መለኪያ ሆነ። ነገር ግን መሣሪያው ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ጥሬ ዕቃው ለሁሉም እኩል አልነበረም። የአውሮፓ ፓርላማ ቃለ ጉባኤዎች የሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች ሀብታም ሲሆኑ፣ የተተረጎመ ጽሑፍ የሌላቸው ቋንቋዎች ደግሞ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

የመሣሪያ ምርጫ ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው የ2016 ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት መጨረሻ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ያው ውስጡን ዘግቶ ይሠራ የነበረው ሲስትራን በኅብረት «ኦፕን ኤን ኤም ቲ» የተባለ ምንጩ ክፍት የሆነ መተርጎሚያ አወጡ። የተጻፈው በ«ሉዋ» ነበር። ሉዋ በ1993 በሪዮ ዴ ዣኔሮ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ቋንቋ ነው። ብራዚል ከውጭ በሚገባ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር ላይ ጥላው በነበረው ገደብ ምክንያት ባለሙያዎቿ የራሳቸውን መሣሪያ ለመሥራት ተገፋፍተው ነበር። ከአዳጊ አገሮች ተነሥተው ዓለምን ካዳረሱት ጥቂት የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቋንቋው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ጉድለቱ ከሱ አልነበረም። መተርጎሚያው የተመሠረተበት «ቶርች» የተባለው የስሌት መሣሪያ ግን በ2017 ለ«ፓይተን» ቋንቋ በተዘጋጀ አዲስ ተከታይ ተተካ። የተመራማሪው ብዛትም ወደ ፓይተን ጎረፈ። ኦፕን ኤን ኤም ቲም በፓይተን እንደገና ተጻፈ፤ የሉዋው ቅጂ ወደ መዝገብ ቤት ገባ። ፕሮጀክት አንድን ቋንቋ በሚመርጥበት ጊዜ ያን ቋንቋ የሚጽፈውን ማኅበረሰብም አብሮ እንደሚመርጥ ይህ ያስተምራል።

ከብዙኃኑ መንገድ የወጡም አሉ። በፖላንድ በፖዝናንና በስኮትላንድ በኤዲንብራ የሚገኙ ባለሙያዎች «ማሪያን» የተባለውን መተርጎሚያ ሙሉ በሙሉ በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፉት። ስያሜው በ1932 «ኢኒግማ» የተባለውን የጀርመን የምስጢር ጽሕፈት የፈታው የፖላንዱ የሒሳብ ሊቅ የማሪያን ሬየቭስኪ መታሰቢያ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ለመጻፍ አድካሚ ነው፤ ጀማሪን ያርቃል። በሌላ በኩል ግን ብዙ ጓዝ የማይፈልግና ፈጣን በመሆኑ፣ ከ2019 እስከ 2022 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተካሄደው «ቤርጋሞት» የተባለ ፕሮጀክት ማሪያንን በተራ ሰው ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ለማድረግ ቻለ። በ2023 ፋየርፎክስ ይህንኑ በውስጡ አካተተ። የሚተረጎመው ጽሑፍ ከአንባቢው ማሽን ሳይወጣ እዚያው ይተረጎማል። በትልቅ ድርጅት ማእከል ሥር የነበረው ሥራ ወደ ግለሰቡ ጠረጴዛ ወረደ።

ይህ ሁሉ አገራችንን የሚመለከትበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የየራሱ ቁጥር ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። የቋንቋችን ጠባይም የራሱን መሣሪያ ይጠይቃል። ስፔንኛ በአብዛኛው የቃሉን መጨረሻ ሲለውጥ፣ አማርኛ የቃሉን ሆድ ዕቃ ይለውጣል፦ ነገረ፣ ይነግራል፣ ንግግር፣ አናገረ። «አልነገረንም» በሚለው በአንድ ቃል ውስጥ አፍራሹ፣ ባለቤቱ፣ ተሳቢውና ግሡ ተጠቃለው ይገኛሉ። ይህን የሚተነትነው ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ የሠራው «ሆርንሞርፎ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም የተጻፈው በፓይተን ነው። ፓይተን ፍጥነቱ ከሲ ፕላስ ፕላስ ያንሳል፤ ነገር ግን በየዩኒቨርሲቲው በሰፊው ስለሚሰጥ ተማሪው ከፍቶ ሊያነበውና ሊያሻሽለው ይችላል።

ዛሬ በትልልቅ ኩባንያዎች የሚሠሩ መተርጎሚያዎች አማርኛንም ይጨምራሉ። በ2022 ሜታ ለሁለት መቶ ቋንቋዎች ያወጣው ሞዴል አንዱ ነው። ነገር ግን በነዚህ ሞዴሎች ውስጥ የሰዋስው ሕግ ተጽፎ አይገኝም፤ ያለው ከጽሑፍ ብዛት የተቀመረ ቁጥር ነው። አስተማሪው ስሕተቱን ያያል እንጂ የትኛውን መስመር እንደሚያርም ሊያውቅ አይችልም። የ1954 ችግር በሌላ መልክ ተመልሷል ማለት ነው፦ ዕውቀቱ ያለው ሰው ከመሣሪያው ውጭ ቆሟል።

ስለሆነም ዛሬ ለአንድ የትርጉም ፕሮጀክት የፕሮግራም ቋንቋ የሚመርጥ ቡድን ከፍጥነት በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሥራውን የጀመሩት ሰዎች በሄዱ ማግሥት ማን ሊቀጥለው ይችላል የሚለው ነው። መልሱ ሞተሩን ፈጣን በሆነ ቋንቋ፣ የቋንቋውን ዕውቀት ደግሞ አስተማሪው ሊያነበው በሚችለው መልክ ማስቀመጥ ሊሆን ይችላል፤ የአፔርቲየም ልምድ ይህን ያሳያል። የፕሮግራም ቋንቋዎች ያረጃሉ፤ ኮሚትም ሉዋው ቅጂም አልፈዋል። በጥንቃቄ የተሰበሰበ መዝገበ ቃላትና በትክክል የተተረጎመ ጽሑፍ ግን ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ይህ ሀብት ደግሞ የሚገኘው ከኮምፒዩተር ባለሙያው ጓዳ ሳይሆን ከአስተማሪው ማስታወሻ፣ ከደራሲው ሥራና ከሕዝቡ አንደበት ነው።