ከዝርዝሩ ግርጌ ያለው ተዋጊ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገሬ ሰው። ዛሬ የማወራችሁ ሁለቱም ዛፍ ላይ ካልወጣሁ ስላለ ተዋጊ ነው፤ የኦንላይን ጌም ተዋጊ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ «ቲቸር ደግሞ ጌም ጀመረ!» ብላችሁ እንዳትስቁ። ይሄ የጨዋታ ዓይነት ከ50 ዓመት በላይ ታሪክ አለው፤ ታሪክ ካለው ደግሞ እኛን ይመለከተናል።

ነገሩ የተጀመረው ኮምፒውተር ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል፣ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ተጫዋቹ ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ካህን ይሆናል። ካህኑ ጥሩር ለብሶ ይዋጋል፣ ቁስለኛም ይፈውሳል። መሃል ላይ የሚቆመው ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ ማለት ነው።

በ1999 «ኤቨርክዌስት» የተባለው የኦንላይን ጌም ሲወጣ ግን ቅይጥ ሙያ ያላቸው ቅጣት ተጣለባቸው። እንደ ፓላዲንና ሬንጀር ያሉት ደረጃ ለማደግ ከሌላው የበለጠ ልምድ መሰብሰብ ነበረባቸው። ጫናው አብረዋቸው ለሚጫወቱትም ይተርፍ ስለነበር፣ ብዙ ቡድን እነሱን ማስገባት አይወድም ነበር። ቅጣቱ በኋላ ተነሳ፣ ጥርጣሬው ግን ቀረ።

ኅዳር 2004 (እ.ኤ.አ.) «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» መጣ። የቡድን ሥራው ሦስት ነው፦ ታንኩ ዱላውን ይቀበላል፣ ሂለሩ ያክማል፣ የቀረው ጠላትን ይመታል። ታዲያ ሻማን የሚባለው ክላስ የት ይግባ? በጨበጣ ይዋጋል፣ ያክማል፣ መሬት ላይ ቶተም ተክሎም ጓደኞቹን ያበረታል። ነገር ግን እንደ ሮግ አይመታም። በ40 ሰው የሚገባባቸው ትልልቅ ውጊያዎች ላይ የሚገኘው የሻማን ልብስ እንኳን በአብዛኛው ለሂለር የተሰፋ ነበር። መዋጋት የፈለገ ሻማን የሚሰማው መልስ «ወይ አክም፣ ወይ ቦታ የለም» ነበር።

ይህን ፍርድ ያጠናከረው የዳሜጅ ቆጣሪ ነው። ማን ስንት እንደመታ ከላይ እስከ ታች ይደረድራል። ሻማኑ ከታች ነው። ግን ቆጣሪው የማይቆጥረው ነገር ነበር። የሻማኑ የነፋስ ቶተም «ዊንድፉሪ» በአቅራቢያው ላሉ የንኡስ ቡድኑ አባላት ተጨማሪ ምት የማግኘት ዕድል ይሰጣል። ያ ተጨማሪ ምት የሚመዘገበው በማን ስም ነው? በመቺው!

ቁጥሩን እንደ ሰሌዳ ምሳሌ እንየው። አምስት ንጹሕ ተዋጊዎች እያንዳንዳቸው 100 ቢመቱ ድምሩ 500 ነው። አንዱን አውጥታችሁ 80 ብቻ የሚመታ ሻማን ብታስገቡና የቀሩት አራቱ በሱ ምክንያት 110 ቢደርሱ፣ 440 ሲደመር 80፣ 520 ይሆናል። ቡድኑ አተረፈ፤ ሻማኑ ግን አሁንም መጨረሻ ነው። የኳስ ወዳጆች፣ ሪያል ማድሪድ በ2003 ማኬሌሌን ለቼልሲ ሲሸጥ የሆነውን አስታውሱ።

በ2007 «በርኒንግ ክሩሴድ» የተባለው ማስፋፊያ ሲወጣ ትልቁ ውጊያ ወደ 25 ሰው ወረደ፤ እያንዳንዱ ወንበር ውድ ሆነ። ሻማኑ በሁለት እጁ መሣሪያ መያዝ ቻለ። ለ40 ሰከንድ የንኡስ ቡድኑን ፍጥነት 30 በመቶ የሚጨምር «ብለድለስት»ም አገኘ። ያኔ ነው ብልሃተኞቹ የታዩት። የነፋስ ቶተም በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚተከለው። የዊንድፉሪ ኃይል ግን ቶተሙ ከተነሳም በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች መሣሪያው ላይ ይቆያል። እነሱም ዊንድፉሪን ይተክላሉ፣ ወዲያው ቅልጥፍና በሚጨምረው ይቀይሩታል፣ ሊያልቅ ሲል ይመልሱታል። ውጊያው እስኪያልቅ እንዲህ ነው። ማና ይበላል፣ እጅ ያደክማል፣ ቆጣሪው ላይ በስማቸው ብዙም አይጨምርላቸውም።

ጎበዝ ሻማን እንግዲህ ምን ያደርጋል? ቶተሙን መቺዎቹ በሚቆሙበት ይተክላል፣ እነሱ ሲንቀሳቀሱ እንደገና ይተክላል። ጠላት አስማት ሲጀምር ያቋርጠዋል። ፍርሃት የሚለቅ ቦስ ሲመጣ ፍርሃት የሚፈታውን ቶተም ቀድሞ ያዘጋጃል። ብለድለስትን ሁሉም ለመምታት በተዘጋጀበት ሰዓት ይለቃል። ማከም ይችላል፣ ግን ሁልጊዜ አያክምም፤ ሂለሩ ሲወድቅ ወይም አንድ ሰው ሊሞት ሲል ብቻ መምታቱን ያቆማል። ሁሉንም በአንዴ ልሥራ ካለ ተረቱ እሱ ላይ ይፈጸማል።

በኅዳር 2008 የወጣው ማስፋፊያ ብዙዎቹን ማበረታቻዎች ለመላው ቡድን አደረጋቸው፤ ተመሳሳዩን ሌላ ክላስም መስጠት ቻለ። ሻማኑ ብቻውን ይዞት ከነበረው ብዙውን አጣ፣ በምትኩ የራሱ ምት ከፍ አለ። በ2021 የ2007ቱ ጌም «ክላሲክ» ተብሎ ሲመለስ ግን ቡድኖች ለጨበጣ ተዋጊዎቻቸው ሻማን ፍለጋ ጀመሩ። ጌሙ ያው ነው፤ ሰዉ በመሃል ሒሳቡን ተምሯል።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። በ2004 «ቦታ የለም» የተባለው ሻማን ቶተም ያኔም በእጁ ነበር። አሁን ብዙዎቻችሁ ቡድን የምትመሩ፣ ሰው የምትቀጥሩ፣ ውጤት የምትሞሉ ሆናችኋል። የመጨረሻውን ስም ከመሰረዛችሁ በፊት፣ እሱ በሌለበት ቀን የሌሎቹ ቁጥር ምን እንደሚሆን እዩ።

ጌም የምትጫወቱ፣ ቡድናችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። መልካም ሰንበት።