ከሸክላ እስከ ካሴት፤ ዘፈን በቤት ውስጥ ስለ መቅረጽ

አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሙዚቃ ማሳተሚያውን ሲያቋቁም ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር፤ ይህም የነጋዴ እንጂ የገበሬ አቅም አይደለም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት ግን በደረቅ ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ላልገባበት የራያ ቆላ ተስማሚ ነበር። ጉድለትም አለው። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሄድ የስቱዲዮው ሰፊ ክር እስከ 76 ይሄዳል፤ ስለዚህ በካሴቱ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፣ የክሩም እሽታ ይሰማል። በአንድ ማይክሮፎን ለሚቀዳ ሰው ደግሞ ከበሮው ዘፋኙን እንዳይውጠው ራቅ ብሎ መመታት ነበረበት፤ (ጭብጨባውንማ ማን ያርቀዋል!)።

ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኦዳሲቲ የተባለው የኮምፒዩተር መቅረጫ በነፃ ይገኛል። ሆኖም ሙቀትና አቧራ አሮጌውን ክር ስለሚጎዱት፣ በሮቢት ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው በእኔ አስተያየት ከአዲስ ማይክሮፎን አስቀድሞ ደኅና የካሴት ማጫወቻ ቢገዛና በቤቱ ያለውን ቢገለብጥ ይሻላል።