የሙከራ ዋጋ፦ መረብ ያልነካውን ኳስ የሚመዝን ቁጥር

ሀዋሳ ስታዲየም ውስጥ አማካዩ ከግቡ 25 ሜትር ርቀት ላይ ኳሷን ይዞ ቀና ሲል ከየአቅጣጫው «ምታው!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ይመታል፤ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ትወጣለች፤ አንድ የግብ ሙከራ ይመዘገባል። ትንሽ ቆይቶ ከመስመር የተሻገረችውን ኳስ አጥቂው ከግቡ አፍ 5 ሜትር ላይ ሆኖ መትቶ ይስታታል። እሷም አንድ ሙከራ ተብላ ትመዘገባለች። የቴሌቪዥኑ ሰሌዳ ሁለቱን እኩል ይቆጥራል። ለሁለተኛዋ ራሱን ይዞ የጮኸው ተመልካች ግን እኩል እንዳልሆኑ ያውቃል።

ይህን ልዩነት በቁጥር የሚያስቀምጠው መለኪያ በዓለም እግር ኳስ «ኤክስፔክትድ ጎልስ»፣ ባጭሩ «ኤክስ ጂ» ይባላል። እያንዳንዱ ሙከራ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የሚወጣው ቀደም ሲል ከተመዘገቡ እጅግ ብዙ ሙከራዎች ነው። ከዚህ ርቀት፣ ከዚህ ማዕዘን፣ በእግር ወይም በግንባር፣ በእንዲህ ዓይነት ቅብብል መጥተው ከተመቱ 100 ኳሶች ስንቱ ገባ? 30 ከገባ ሙከራው 0.30 ነው፤ 3 ብቻ ከገባ 0.03።

ቃል በቃል ቢመለስ «የሚጠበቅ ጎል» ይሆናል፤ እኔ ግን አልተስማማኝም። «ከአጥቂ ጎል ይጠበቃል» ስንል ግዴታውን መናገራችን ነው። «ተጠባቂ ጨዋታ» ስንል ደግሞ ሕዝቡ የጓጓለትን ግጥሚያ ማለታችን ነው። መለኪያው ስለ ግዴታም ስለ ጉጉትም አይናገርም። «የጎል ግምት» ከተባለም የውርርድ ቤት ትንበያ ይመስላል። ስለዚህ «የሙከራ ዋጋ» እንበለው እላለሁ። «የግብ ሙከራ» የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ነባር ቃል ነው፤ «ዋጋ» ሲጨመርበት ሙከራ ሁሉ እኩል አለመሆኑን ሰሚው ወዲያው ይረዳል። የቡድኑ ሙከራዎች ሲደመሩ ደግሞ «የሙከራ ዋጋ ድምር» ይሆናል።

ሥራውን በምሳሌ እንየው። አንድ ቡድን ከሩቅ 10 ጊዜ ቢመታና እያንዳንዱ ምት 0.03 ቢያወጣ ድምሩ 0.30 ነው፤ አሥሩም የመሳታቸው ዕድል ከ100 ወደ 74 ይጠጋል። ተጋጣሚው ከቅርብ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞክሮ እያንዳንዱ 0.35 ቢያወጣ ድምሩ 0.70 ነው፤ ቢያንስ አንዱ የመግባቱ ዕድል ከ100 ወደ 58 ይደርሳል። ሰሌዳው 10 ለ 2 ይላል፤ የተሻለ ያጠቃው ግን ሁለቴ የሞከረው ነው።

ብዙዎቻችን የምናስታውሰውን ጨዋታ ልውሰድ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠሙ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። በዚያው አጋማሽ የእኛው ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ኮሊንስ ምቤሱማም ለዛምቢያ አስቆጠረ። ከእረፍት መልስ በጎዶሎ ተጫዋች የቀረውን ቡድን አቻ ያደረገው የሀዋሳ ልጅ፣ ለሀዋሳ ከተማም የተጫወተው አዳነ ግርማ ነበር። ውጤቱ 1 ለ 1 ተጻፈ።

ፍጹም ቅጣት ምት በአብዛኞቹ ስሌቶች ከ0.76 እስከ 0.79 ያወጣል፤ ከአራቱ ሦስቱ ይገባሉና። የሳላዲን ምት በጎል መዝገብ ላይ ባዶ ነው፤ በሙከራ ዋጋ ግን ብቻውን ከሦስት ሩብ ጎል ይበልጣል። «ዋልያዎቹ ዕድለኞች ነበሩ» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ፤ አንዱን ነጥብ በዕድል ብቻ አላገኙትም። በተቃራኒው ጥር 21 በናይጄሪያ 2 ለ 0 ስንሸነፍ ሁለቱም ጎሎች የቪክቶር ሞሰስ ፍጹም ቅጣት ምቶች ነበሩ፤ እስከ 80ኛው ደቂቃ ግቡ አልተደፈረም ነበር። ባለሙያዎች ፍጹም ቅጣት ምትን ለይተው የሚደምሩት ለዚህ ነው፤ ቡድን ከጨዋታ ፍሰት የፈጠረው ዕድል እንዳይሸፈን።

በሰሌዳው ላይ ከሚገባው በላይ የሚከበር ቁጥር ካለ የኳስ ቁጥጥር ነው። ቀድሞ ያገባ ቡድን ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ተሸናፊው ኳሷን ይዞ ይሽከረከራል። በመጨረሻ 60 ከመቶ ይዞ መሸነፉ እንደ ግፍ ይወራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ኳሱን የያዘው እየተመራ ስለነበር ነው። የሙከራ ብዛትም የዚሁ ዘመድ ነው።

የጎል አስቆጣሪዎች ሰንጠረዥስ? አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር የሰማነው 29ኙን ብቻ ነው። እነዚያን ጎሎች ድምራቸው 20 ከሚያወጣ ዕድል ማስቆጠርና 35 ከሚያወጣ ዕድል ማስቆጠር ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በጣም የሚቆጨኝ ደግሞ የአማካዮች ነገር ነው። እንደ ሽመልስ በቀለ ያለ፣ ከሀዋሳ ተነስቶ ግብፅ ድረስ የተጫወተ አቀባይ፣ ድንቅ ኳስ ሰንጥቆ ሰጥቶ አጥቂው ቢስት በመዝገብ ምንም አያገኝም። በሙከራ ዋጋ ግን ያቺ ኳስ ያስገኘችው ዕድል በስሙ ይቀመጣል።

ተመሳሳይ ክርክር አሜሪካኖች በቤዝቦል ቀድመው ተከራክረውበታል። ኳስ ወርዋሪዎችን በ«ድል ብዛት» ይመዝኑ ነበር፤ የቡድን ጓደኞቹ ነጥብ ካላገኙለት ግን ምርጡ ወርዋሪም አያሸንፍም። በ2018 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ሜትስ ወርዋሪ ጄኮብ ዲግሮም 10 አሸንፎ 9 ተሸንፎ የሊጉን የወርዋሪዎች ሽልማት ወሰደ፤ በእሱ ላይ የተቆጠረበት ነጥብ በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ 1.70 ብቻ ስለነበር። ድምፅ ሰጪዎቹ የድሉን ዓምድ ትተው የሰውየውን ሥራ አዩ።

የሙከራ ዋጋም የራሱ ጉድለት አለው። በግቡ አፍ አልፋ ማንም ያልነካት ኳስ ሙከራ ስላልሆነች ዋጋዋ ዜሮ ነው። መቺው ማን እንደሆነም በአብዛኛው አይጠይቅም። በአንድ ጨዋታ ማንንም ለመፍረድ አይበቃም፤ ወራት ሲጠራቀም ነው እውነቱ የሚወጣው። ስሌቶቹም በብዛት ከአውሮፓ ሊጎች በተሰበሰበ መረጃ የተሠሩ ናቸው፤ ለእኛ ሜዳ የእኛ መዝገብ ያስፈልጋል።

መዝገቡን መጀመር አይከብድም። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በመደበኛነት በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ፤ የ2014 የውድድር ዘመንም የተከፈተው እዚሁ ሀዋሳ ነበር፤ ምስሉ አለ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሪፕ በ1950 እ.ኤ.አ. ስዊንደን ከተማ ጨዋታ ሲመዘግብ የያዘው እርሳስና ደብተር ብቻ ነበር። የሀዋሳ ከተማ ወይም የሲዳማ ቡና ወጣት ቡድን ረዳት አሠልጣኝም የሜዳውን ግማሽ በወረቀት ስሎ ለእያንዳንዱ ሙከራ ነጥብ ያድርግ፤ አጠገቡም በእግር ወይም በግንባር፣ ከተሻጋሪ ወይም ከሰንጣቂ ኳስ፣ ገባ ወይም አልገባ ብሎ ይጻፍ። ፍጹም ቅጣት ምቶችን ለብቻቸው ያስቀምጥ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ከየትኛው ቦታ ከተመቱት ስንቱ እንደገባ ያካፍል፤ የሚያገኘው የራሱ ሊግ የሙከራ ዋጋ ነው።