የአውሬዎቹ ኮሜዲያ ኮልፌ ሲደርስ

የኢትዮጵያ ቴአትር አጀማመር ሲነሳ ሁላችንም ለፈተና የሸመደድናት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ በ1913 ዓ.ም. ታየ፤ ታገደ። ከፈተናው በኋላ ምን ያስቅ እንደነበር፣ እነማን እንደተጫወቱት፣ ለምን አንድ ቀልድ መንግሥትን እንዳስቆጣ የጠየቀ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔም የታሪክ ተማሪ ሆኜ ስድስት ኪሎ አራት ዓመት ስመላለስ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ተመርቄ ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ ኮልፌ ውስጥ ነው። ወደዚያ እደርሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሰውየው። ተክለ ሐዋርያት ገና ልጅ ሳሉ፣ ከአድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው በዚያ አደጉ፤ መድፈኝነት ተምረው መኮንን ሆኑ። ቆየት ብለው ፈረንሳይና እንግሊዝ ሄደው ተጨማሪ ትምህርት ቀሰሙ። በሩሲያ ትምህርት ቤት የሚያድግ ልጅ የክሪሎቭን የእንስሳት ተረቶች በቃሉ ይወጣል፤ ፈረንሳይ የሄደ ደግሞ ከላ ፎንቴን ተረቶች ሊያመልጥ አይችልም። እንግዲህ ለተውኔታቸው የላ ፎንቴንን መንገድ መምረጣቸው አይገርምም። ለአገሬው ሰውም ቢሆን ነገሩ ባዕድ አልነበረም። አያ ጅቦንና ጦጢትን ያላወቀ ማን ነበር? በእኛ አገር በሰው ስም ሊነገር የማይቻለውን በአውሬ ስም መናገር ከድሮም የተፈቀደ ዘዴ ነው።

ደራሲው ለመጻፍ የተነሳሱበት ምክንያት ደግሞ ያስቃል። «ቴአትር» ተብሎ ተጋብዘው ሄደው ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ሆነባቸው። ቴአትር ማለት ይህ አይደለም፣ ታሪክና ቁም ነገር ሊኖረው ይገባል ብለው ራሳቸው ጻፉ። ሥራው ቴራስ ሆቴል ውስጥ በመኳንንቱ ፊት ታየ። ተዋናይነት የሚባል ሙያ በአገሩ ስላልነበረ የተጫወቱት አማተሮች ናቸው። በአደባባይ ሌላ ሰው መስሎ መታየት ለጨዋ ልጅ ነውር በሚመስልበት፣ አዝማሪም እየተወደደ በሚናቅበት ዘመን፣ ያውም አውሬ ሆኖ መታየት! እኔ በበኩሌ ከደራሲው ይልቅ እነዚያን ስማቸው ያልገነነ ሰዎች አደንቃለሁ።

በሳቁ ውስጥ የተሸሸገው የአስተዳደር ብልሹነትና የኋላ ቀርነት ትችት ከአዳራሹ አልፎ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንግሥት ዘውዲቱ ሥራውን አገዱት። (አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ በ1912 ወይም በ1913 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሆነ ያደርጉታል። ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑት በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ሒሳቡ አይገጥምም፤ 1913 የእኛው አቆጣጠር ነው።)

እዚህ ላይ ለንጽጽር ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። ኦፔሬታ የሚሉት አለ፤ ከኦፔራ ቀለል ያለ፣ ንግግርና ዘፈን የሚፈራረቁበት ቀልደኛ ተውኔት ነው። የእንግሊዞቹ ጊልበርትና ሱሊቫን በ1885 እ.ኤ.አ. በሳቮይ ቴአትር ያቀረቡት «ሚካዶ» የዚህ ዓይነቱ ዋና ነው፤ ያኔ 672 ጊዜ ታየ፣ ዛሬም በየከተማው ያሉ የአማተር ማኅበራት ያዘጋጁታል። ታሪኩ ጃፓን ውስጥ ነው ይባላል እንጂ የሚቀለደው በእንግሊዝ ሹማምንት ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ሞት ተፈርዶበት ሳለ የአገሩ ዋና አንገት ቆራጭ ሆኖ ይሾማል፤ ተራው የራሱ ስለሆነ ራሱን ሳይቆርጥ ሌላውን መቁረጥ አይችልም። ሌላው ገጸ ባሕርይ ደግሞ የቀሩትን ሹመቶች ሁሉ ብቻውን ጠቅልሎ ይዞ ለእያንዳንዱ ደመወዝ ይበላል። ይህን ሹም ለማወቅ ሀበሻ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ታዲያ በ1907 እ.ኤ.አ. የጃፓን ልዑል ለንደንን ሊጎበኝ በመጣ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት እንግዳው ቅር እንዳይለው ብሎ ተውኔቱን አገደ። እገዳው የቆየው ለሳምንታት ብቻ ነው፤ የእኛው ግን ለዓመታት።

ጃፓን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ቦታ አላት። ፋቡላን የጻፉት ሰው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ናቸው፤ ለአርአያነት የወሰዱትም የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። በአሥር ዓመት ልዩነት አንድ ብዕር ቀልድም ሕግም ጻፈ። በመማሪያ መጻሕፍታችን ግን ሁለቱ ተክለ ሐዋርያቶች አይገናኙም። አንደኛው በሥነ ጽሑፍ፣ ሌላኛው በታሪክ ምዕራፍ ነው ያለው። እኔ ጥያቄው አንድ ይመስለኛል፤ ሥልጣን ያለው ሰው በምን ይገራል? በ1913 በሳቅ ሞከሩ፤ በ1923 በ55 አንቀጽ። ሕገ መንግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን ከመገደብ ይልቅ ሥልጣናቸውን ያጸናላቸው መሆኑን ስናስብ፣ ከሁለቱ ደፋሩ የቱ እንደነበር አንባቢ ይፍረድ። ለመሆኑ የታገደው የትኛው ነው?

ከዘውዲቱ በኋላ መድረኩ እንደገና ነፍስ ሲዘራ የዞረው ወደ ትምህርት ቤቶች ነው። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎ ሰው ተማሪዎችን እያሠለጠኑ አጫወቱ፤ አሁንም አማተሮች ማለት ነው። ዮፍታሔ የቅኔና የዜማ ሰው ስለነበሩ ዜማ ከተውኔታቸው አልተለየም። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው።

ኮልፌ የምትገባው እዚህ ጋ ነው። ከመርካቶ በስተምዕራብ ያለው ይህ ሰፈር ሲነሳ ሰው የሚጠቅሰው አጠና ተራን ወይም በ1962 እ.ኤ.አ. በፖሊስ ካምፑ የሠለጠኑትን ማንዴላን ነው፤ ቴአትርን የሚጠቅስ የለም። ነገር ግን በኪነት ዘመን ሲዘፍኑና ሲጫወቱ ያደጉ ሰዎች አሁንም ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ሞልተዋል። በዚሁ ክፍለ ከተማ የምንኖር ጥቂት የቀድሞ ተማሪዎች፣ አንድ ፋርማሲስት፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛና እኔ፣ እሑድ ከሰዓት እየተሰበሰብን የድሮ ኮሜዲዎችን ማንበብ ጀመርን። ከመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» ተነስተን ወደ ኋላ፣ ወደ ፋቡላ ደረስን። እንደ እኛው አማተር የነበሩ የሰፈሩ ሰዎችም ተቀላቀሉን።

ክርክር ወዲያው ተነሳ። በኪነት ቡድን ስትዘፍን የነበረች፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት እናት ንባባችንን አንድ ሰዓት ያህል በትዕግሥት አዳምጣ፣

«ዘፈኑ መቼ ነው?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ዘፈን የለውም። ደራሲው ራሳቸው እኮ ዘፈን ቴአትር አይደለም ብለው ነው የጻፉት» አልኳት።

«ልጄ፣ ዘፈን የሌለበት ቴአትር ስብሰባ ነው» አለች።

አስተማሪዎቹ ለደራሲው ቆሙ፤ ፋርማሲስቱ ከእትዬ ጋር ወገነ። ሦስት እሑድ በዚሁ አለቀ። በግሌ መጀመሪያ ላይ ለጽሑፉ መታመን አለብን ባይ ነበርኩ። ነገሩን ሳስበው ግን ተክለ ሐዋርያት የተቃወሙት ቁም ነገር የሌለውን ጭፈራ ነው እንጂ ዜማን አይመስለኝም፤ ዮፍታሔም የሚካዶ ሰዎችም ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አሳይተዋል። በመጨረሻ በየተረቱ መካከል እትዬ የምታወጣው፣ ተሰብሳቢው የሚቀበለው አጭር ዜማ እንዲገባ ተስማማን። ከጽሑፉ ቃል አንዱንም አልነካንም።

ሁለተኛው ችግር ከበድ ይላል። በተውሶ አዳራሽ፣ አርባ በሚሆኑ ጎረቤቶች ፊት የመጀመሪያውን ሙከራ እንዳሳየን ኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ።

«እነዚህ አውሬዎች እነማን ናቸው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የሒሳብ ሠራተኛው፣ ጭምብሉን ገና ሳያወልቅ፣ «አባቴ፣ የድሮ ናቸው። የ1913 አውሬዎች ናቸው» አላቸው።

«እሱማ ገብቶኛል። ሞተዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

ሳቁ ረጅም ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን ከመካከላችን ሁለቱ በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። አንዱ ሥራ በዛብኝ አለ፤ ሌላው ምንም አላለም። አልፈርድባቸውም፤ ቴራስ ሆቴል የነበሩትም ከእገዳው በኋላ ምን እንደተሰማቸው የገባኝ ያን ቀን ነው። ሁለተኛውን ሙከራ ለማድረግ እንደ ቀድሞ ድምፅ ሰጠን፤ ስድስት ለሁለት አለፈ፤ ሁለቱ የተቃወሙትም ይጫወታሉ።

ለዘንድሮው የተመራቂዎች መገናኛ ቀን ያሰብነው ሦስት ተረቶችን ከነዜማቸው ማቅረብ ነው። ጭምብሎቹን ካርቶን ላይ የሚሠራልን ወጣት አግኝተናል። የሄዱትን ሁለት ሰዎች የሚተኩ ተመራቂዎች ያስፈልጉናል፤ ክራር የሚመታም ቢገኝ ደስ ይለናል። ልምምዱ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ እትዬ አርፋጅ አትወድም።