ዛፍ ሲበዛ ጎጆ ሲጠፋ፦ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የደን ታሪክና በግንድ ቀዳዳ የሚራቡ አእዋፍ



የወሎ የደን ታሪክ ለረጅም ጊዜ በአንድ መስመር ሲተረክ ኖሯል፤ ጥንት ጥቅጥቅ ደን ነበረ፣ ሕዝብ በዛ፣ ደኑ አለቀ፣ ረኀብ ተከተለ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ትረካ ተጠራጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 በኢጣሊያውያን የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ ከነበረው ገጽታ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኙትም። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም በዚያው ዓመት የወሎን ደንና አስተዳደሩን በታሪክ ዓይን መርምረው አሳትመዋል።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ዛፍ በዛ ማለት ደን ተመለሰ ማለት ነውን? በዚህ ረገድ በግንድ ቀዳዳ የሚራቡ አእዋፍ ታማኝ ምስክሮች ናቸው።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው የሐበሻ ግንደ ቆርቁር ጎጆውን ራሱ በግንድ ላይ ይቦረቡራል። እንደዚሁ በሁለቱ አገሮች ብቻ የሚኖረው ክንፈ ጥቁሩ ትንሽ በቀቀን ግን ቀዳዳ መሥራት አይችልም፤ ያረጀ ግንድ በራሱ ጊዜ የፈጠረውን ወይም ሌላ ወፍ ትቶት የሄደውን ይወርሳል። ስለዚህ አንድ ያረጀ ዛፍ ሲወድቅ የሚጠፋው የአንድ ወፍ ጎጆ ብቻ አይደለም፤ የተወራራሾች ሰንሰለት ይበጠሳል።

የወሎ ገበሬ መጥረቢያ የትኛውን ዛፍ እንደሚመርጥ እናስብ። ወፍራሙ ጽድና ወይራ ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥርና ለከሰል ይፈለጋል፤ ቆሞ የደረቀው ለማገዶ ይቀድማል። እርጥብ ዛፍ መቁረጥ እንደ ጥፋት ሲታይ፣ ደረቁን መልቀም ንጹሕ ተግባር ይመስላል። ለግንደ ቆርቁር ግን የበሰበሰውና የደረቀው ግንድ ለመቦርቦር የሚመቸው ነው። በምትኩ የሚተከለው፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ፣ ሳያረጅ በጥቂት ዓመታት ይቆረጣል። በፎቶግራፍ ላይ ዛፍ ሆኖ ይቆጠራል፤ ለማደሪያ ቀዳዳ ግን ዕድሜ የለውም።

ለመካነ ሰላም ቅርብ የሆነው የደንቆሮ ጫካ ዋጋም በዚህ ይለካል። በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው ይህ ስፍራ ኮሶና አስታ እስከ እርጅናቸው ሊቆሙ ከሚችሉባቸው ጥቂት የወሎ ቦታዎች አንዱ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ አጸድ የቆዩት ጽዶችም ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ስለዚህ ክራሚ ያስተማሩን ትምህርት ሙሉ የሚሆነው አንድ ጥያቄ ሲጨመርበት ነው። በጥንቱ ፎቶግራፍ ላይ ስንት ዛፍ እንዳለ ብቻ ሳይሆን የስንት ዓመት ዛፍ እንዳለ እንጠይቅ። ችግኝ በአንድ ክረምት ይተከላል፤ ቀዳዳ ያለው ግንድ ግን የሰው ዕድሜ ይጠይቃል። የጥበቃ ደንብ የምታረቅቁ ሁሉ ለሚተከለው ቁጥር ስትጨነቁ፣ ቆሞ ለሚያረጀውና ለሚደርቀውም አንድ አንቀጽ አትንፈጉት።