ባላጋራ ምስክር ሲሆን
ስለ ማሲሎንና ስለ ካንተን ተማሪዎች የኳስ ፉክክር በራዲዮ የተነገረ



ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ቀላል ነው፤ ወዳጁ ስለ እርሱ የሚናገረውም ከፍቅር የመጣ ነውና በሙሉ አይታመንም። ከባድ ሆኖ የሚመዘነው ግን ባላጋራው ራሱ «ይህ ሰው ብርቱ ነው» ብሎ የመሰከረለት እንደ ሆነ ነው። የዚህን ነገር ምሳሌ በጦርነት ታሪክ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አያዳግትም። እኛ ግን ዛሬ ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከተማሪዎች የጨዋታ ሜዳ ያገኘነውን ታሪክ እንነግራችኋለን። የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት ማሲሎንና ካንተን የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ከተሞች አሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሁለቱም ለረጅም ዘመን በብረት ፋብሪካ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ፣ ሕዝባቸውም ጧት በፋብሪካው ፉጨት የሚነቃ የሠራተኛ ሕዝብ ነበረ። በማሲሎን ዋሽንግተን የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ተጫዋቾቹም «ነብሮች» ይባላሉ። የካንተኑ ትምህርት ቤት ደግሞ የዚያው ከተማ ነዋሪ በነበሩትና በ1901 በነፍሰ ገዳይ እጅ በሞቱት በፕሬዚዳንት ማኪንሊ ስም ይጠራል፤ የተጫዋቾቹም መጠሪያ «ቡልዶግ» የሚባለው የውሻ ዘር ነው።

የሚጫወቱት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ በእጅም ይወረወራል። ተጫዋቹ ኳሱን በደረቱ አቅፎ ወደ ተቃራኒው ድንበር ሲሮጥ ተቃራኒዎቹ ይዘው ከመሬት ይጥሉታል። እንግዲህ ጉልበት፣ ፍጥነትና የታሰበበት ዕቅድ በአንድነት የሚፈተኑበት ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ከተሞች በዚህ ጨዋታ መጋጠም የጀመሩት በ1894 ነው። ከዚያ ወዲህ የተማሪዎቹ ቡድኖች ከ130 ጊዜ በላይ ተገናኝተዋል። በ1994 በተደረገው መቶኛ ጨዋታ በመደበኛው ሰዓት አቻ ለአቻ ከቆዩ በኋላ ማሲሎን በተጨማሪ ጊዜ 42 ለ41 አሸነፈ። መቶ ዓመት የተጠበቀው ጨዋታ በአንዲት ነጥብ መለየቱ፣ ነገሩ በሁለቱም ወገን ምን ያህል የተመዛዘነ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ፉክክር ግን ልጓም ካላበጁለት ባለቤቱን ይጥላል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ከተሞች በተማሪዎች ጨዋታ ብቻ አልረኩም፤ በደመወዝ የሚጫወቱ ሰዎችን ከሌላ ስፍራ እያስመጡ ቡድን አቋቋሙ። ገንዘቡ በረከተ፤ ውርርዱም በዛ። በመጨረሻ በ1906 ጨዋታው በጉቦ ተበላሽቷል የሚል ክስ ተነሥቶ ነገሩ ሁሉ በሐሜትና በጥርጣሬ ተዋጠ፤ ሁለቱም የደመወዝተኞች ቡድኖች ፈረሱ። የተማሪዎቹ ፉክክር ግን አልፈረሰም።

የማሲሎን ሕዝብ ለዚህ ጨዋታ ያለው ፍቅር ለሰሚው እንግዳ ነው። ለብዙ ዓመታት በከተማው ሐኪም ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ የደጋፊዎች ማኅበር ትንሽ ኳስ ከአልጋው አጠገብ ያኖርለት ነበር። ሕፃኑ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ወገኑ ተቈጠረ ማለት ነው። የጨዋታው ሳምንት ሲደርስ ጨዋታ ጨዋታን እያነሣ ክርክሩ ከፋብሪካ በር እስከ ፀጉር አስተካካይ ቤት ይዘልቃል። አባት በተማሪነቱ የተሸነፈባትን ቀን ለልጁ ይተርካል፤ ሽማግሌው የዛሬውን ሯጭ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ያመዛዝናል። በማሲሎን «ኢንዲፔንደንት»፣ በካንተን «ሪፖዚቶሪ» የተባሉት ጋዜጦችም ለዚህ ክርክር ማገዶ ሲያቀርቡ ኖረዋል። እንደዚህ ባለ ከተማ አሠልጣኝ መሆን በሺህ ዳኞች ፊት መቆም ነው።

በ1932 ፖል ብራውን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ይህንን ሥራ ተቀበለ። ያደገው በማሲሎን ነው፤ ሰውነቱ ትንሽ ቢሆንም በተማሪነቱ ለነብሮቹ ተጫውቶ ነበር። ሥራውን ሲረከብ ቡድኑ ተዳክሞ፣ አገሩም በታላቁ የገንዘብ ድቀት ተይዞ ነበረ። ብራውን ጨዋታን እንደ ትምህርት ቈጠረው። የጨዋታውን ስልት ሁሉ በመጽሐፍ አስጽፎ ተጫዋቾቹን እንደ ማንኛውም ትምህርት ይፈትናቸው ነበር። በከተማው ባሉት በታናናሾቹ ትምህርት ቤቶችም ያው ስልት እንዲሰጥ አደረገ፤ ስለዚህ ልጁ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ቋንቋውን አውቆ ይመጣል።

ይሁን እንጂ ካንተን በቀላሉ እጁን አልሰጠም። በ1934 ማሲሎን ሌሎቹን ሁሉ አሸንፎ በመጨረሻ በካንተን 21 ለ6 ተሸነፈ። የዓመት ድካም በአንድ ቀን ፈሰሰ። በሚቀጥለው ዓመት ግን 6 ለ0 አሸነፈ፤ ከዚያም እስከ 1940 ድረስ በ60 ጨዋታ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 26 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበረባት ከተማም ከ20 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ የጨዋታ ሜዳ ሠራች። ሜዳው ዛሬ በብራውን ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ከ1936 እስከ 1938 በካንተን በኩል ማሪየን ሞትሊ የሚባል ጥቁር ተማሪ ይጫወት ነበር። የተወለደው በጆርጂያ ግዛት ሲሆን ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ወደ ካንተን ይዘውት መጥተዋል። ግዙፍና ፈጣን ስለ ነበረ እርሱን ለመጣል አንድ ሰው አይበቃም ነበር። እርሱ በተጫወተባቸው ዓመታት ካንተን 25 ጊዜ አሸንፎ 3 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ሦስቱም ሽንፈት የደረሰበት ከብራውን ቡድን ነው። እንግዲህ ሞትሊ ብራውንን አንድ ቀን እንኳ አላሸነፈውም። ነገር ግን ብራውን ይህንን ልጅ ለማቆም ምን ያህል እንደ ደከመ ራሱ ያውቀዋል፤ ያንንም አልረሳም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁለቱ ሰዎች በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ተገናኝተው፣ ሞትሊ ብራውን በሚያሠለጥነው ቡድን ተጫወተ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ብራውን በክሊቭላንድ ከተማ በደመወዝ የሚጫወት አዲስ ቡድን አቋቋመ። በዚያን ዘመን ዋናው የደመወዝተኞች ማኅበር ከ1934 ጀምሮ አንድም ጥቁር ተጫዋች አያስገባም ነበር። በ1946 ብራውን ቢል ዊሊስንና ሞትሊን አስገባ፤ በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስም ሌሎች ሁለት ጥቁሮች ገቡ፤ ይህም ጃኪ ሮቢንሰን በታላቁ የቤዝቦል ማኅበር ከመጫወቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያለ እንከን አልነበረም። ሞትሊ መጀመሪያ በደብዳቤ ሲጠይቅ ቦታ የለም ተብሎ ነበር። በኋላ የተጠራውም ለዊሊስ የመኝታ ክፍል ባልደረባ እንዲሆን ነው ብሎ ራሱ ያምን ነበር። ብራውን በበኩሉ አስቀድሞ አስቦበት እንደ ነበረ ተናግሯል። በሜዳ ላይ ግን ክርክሩ ተፈታ፤ ሞትሊ ከቀድሞ የማሲሎን ባላጋራዎቹ ጋር አንድ ማሊያ ለብሶ፣ ቡድኑ ከ1946 እስከ 1950 በተከታታይ አምስት ዓመት ዋንጫ ወሰደ። ጨዋታ ካቆመ በኋላ ግን አሠልጣኝ ለመሆን ደጋግሞ ቢጠይቅ በሩ አልተከፈተለትም። ባላጋራው ለጉልበቱ የመሰከረለት ሰው ለዕውቀቱ የሚመሰክርለት አጣ፤ ይህም የዘመኑ ዕዳ ሆኖ ቀርቷል።

በ1963 የዚህ ጨዋታ ታላላቅ ሰዎች መታሰቢያ ቤት በካንተን ተከፈተ። በ1967 የማሲሎኑ ብራውን ስሙ በዚያ ተጻፈ፤ በ1968 የካንተኑ ሞትሊ ተከተለው። ሁለቱ ባላጋራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀመጡ።

ክቡራን አድማጮች፤ በየመሥሪያ ቤታችን ፉክክር አለ። አንዱ ለሹመት፣ አንዱ ለዕድገት ከጓደኛው ጋር ይወዳደራል። ውድድሩ ራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በ1906 እንደሆነው በሐሜትና በገንዘብ ሲበላሽ ነው። ከእኛ ጋር የተወዳደረውን ሰው ጉልበት ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ስለ እርሱ በተጠየቅን ቀን ያየነውን እንናገር ይሆን? ብራውን በአንድ በኩል ተናገረ፤ በሌላው በኩል የሞትሊ ዘመን ዝም አለ። ሁለቱም ተጽፈው ይገኛሉ።